«ቀይ» ከሆነ «ቀላ» ከየት መጣ?

ጥያቄው የደረሰኝ ከባሕር ዳር፣ ከአንድ አባት ነው። አሳጥሬ ላቅርበው፦ «የአራተኛ ክፍል ልጄ አማርኛ ፈተና ላይ ‹ቲማቲሙ ቀየ› ብላ ጻፈች። መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ አደረጉባት። ‹ጥቁር ጠቆረ፣ ነጭ ነጣ ከተባለ ቀይ ለምን ቀየ አይባልም?› ብላ ብትጠይቀኝ መልስ አጣሁ። ጎረቤታችን ያሉ አንድ አዛውንት ደግሞ ቀይ የሚለው ቃል ከቃየል ነው የመጣው፣ የወንድሙን ደም ስላፈሰሰ ነው ይላሉ። እውነት ነው? ደግሞስ እኔን ሰው ሁሉ ‹ቀዩ› ነው የሚለኝ። መስታወት ሳይ ግን ምንም ቀይ ነገር የለኝም።»

በቅድሚያ ልጅዎን በእኔ ስም ያመስግኑልኝ። አማርኛ ሳስተምር ብዙ ዓመት ሆነኝ፤ ይህን ጥያቄ ክፍል ውስጥ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። ከእሷ ልጀምር።

ልጅቷ ሳታውቀው የመልሱን ግማሽ ነግራዎታለች። «ነጭ ነጣ» ብላለች አይደል? «ነጨ» እኮ አላለችም! «ጭ» የነበረችው «ጣ» ሆና ስትመጣ ማንም አልደነቀውም። ቀይ ላይ ስንደርስ ነው የሚደንቀን።

አንድ ጊዜ ኅዳር ላይ ዘጌ ሄጄ ነበር። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። ከወደቡ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ጫካ መሀል ያልፋል። አንዲት እናት ከልጃቸው ጋር ቡና ይለቅማሉ። ልጅቷ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። እጇ ፈጣን ነው፤ ግን አረንጓዴውንም ቀዩንም ቀላቅላ ቅርጫት ውስጥ ትከተዋለች። እናትየው ከቅርጫቱ አንድ ፍሬ አንስተው በአውራ ጣታቸው ጫን አደረጉት። ድንጋይ ነው። ሌላ አነሱና ጫን ሲያደርጉት ፍሬው ከልጣጩ ሹልክ ብሎ ወጣ። ለልጅቷ ሁለቱን አሳዩዋትና «ያልቀላውን ጣይው!» አሏት።

እኔ ቡናውን ትቼ ቃሉን ይዤ ሄድኩ። የሙያ ጣጣ ነው። በዚያች ሁለት ቃል ውስጥ የእርስዎ ጥያቄ ሙሉ መልስ አለ።

ልጁ ወንድ ቢሆን እናትየው «ጣለው» ነበር የሚሉት። ሴት ስለሆነች «ጣይው» አሉ። «ል» ወደ «ይ» ተለወጠች። አማርኛ ይህን ቀኑን ሙሉ ያደርገዋል፤ እኛ ነን የማንሰማው። ወንዱን «ብላ» ሴቷን «ብይ»፣ ወንዱን «ክፈል» ሴቷን «ክፈይ» እንላለን። አድራጊውን ስንጠራም እንደዚያው ነው፦ የገደለ ገዳይ፣ የከፈለ ከፋይ፣ የተከለ ተካይ። ሌሎቹም ፊደሎች የየራሳቸው ጥንድ አላቸው። «ጥ» «ጭ» ትሆናለች፤ የሸጠ ሻጭ፣ የሰጠ ሰጪ። «ድ» «ጅ» ትሆናለች፤ የወሰደ ወሳጅ። «ን» «ኝ» ትሆናለች፤ የለመነ ለማኝ። ምላስ ወደ ላንቃ ከፍ ስትል የሚመጣ ለውጥ ነው።

አሁን ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጧቸው። የነጣ ነገር ነጭ ነው። የቀላ ነገር ቀይ ነው። «ጣ» ወደ «ጭ» ከሄደች «ላ» ወደ «ይ» ብትሄድ ምን ይገርማል? ለልጅዎ ይህን ቢነግሯት ለአራተኛ ክፍል በቂ ነው። ገዳይ ሲባል «ገደየ» እንደማንል ሁሉ፣ ቀይ ሲባልም «ቀየ» አንልም ይበሏት።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይለኝ ነበር። ነገሩ ግን አንድ እጥፍ አለው፤ እኔም ለዓመታት የተዝናናሁበት እሱ ነው።

አማርኛን ብቻ ካየን ቀላ እናት፣ ቀይ ልጅ ይመስላሉ። ወደ ዘመዶቹ ስንሄድ ግን ታሪኩ ይገለበጣል። ግእዝ ቀይን «ቀይሕ» ይለዋል። ትግርኛም «ቀይሕ»። ኤርትራ ውስጥ ያለችው ዓዲ ቀይሕ ስሟ «ቀይ መንደር» እንደማለት ነው። ሐረሪዎች «ቄሕ» ይላሉ። ግሡንም ቢሆን ትግርኛ «ቀይሑ» ነው የሚለው፤ «ይ» ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም። ከእነዚህ ዘመዶች ውስጥ ቀይን «ል» ይዞ የሚያስኬድ የለም። ስለዚህ «ይ» የጥንት ናት ማለት ነው። «ል» የመጣችው ኋላ፣ አማርኛ ቤት ውስጥ ነው።

እንዴት መጣች? እኔን የሚያሳምነኝ ይህ ነው። አማርኛ የጉሮሮ ድምፆችን ሲጥል ኖሯል። በልዐ በላ ሆነ፤ ሰምዐ ሰማ ሆነ፤ ጸብሐ ጠባ ሆነ። ቀይሕም «ሕ»ዋን ጥላ ቀይ ሆነች። ከዚያ ተናጋሪው ግሥ ሲፈልግላት ጆሮው ውስጥ የነበረው «የገደለ ገዳይ፣ የነጣ ነጭ» የሚለው ዜማ ነው። መጨረሻዋ «ይ» ከሆነ እናቷ «ል» ያላት መሆን አለባት ብሎ ገመተ። ገምቶም ቀላን ፈጠረ። ልጅ እናቷን ወለደች ይሏል ይህ ነው።

አንድ ማስረጃ ልጨምር፤ በጣም ስለምወደው ነው። «ቀላ» እንጂ «ቀለ» አላልንም። ቀረ እና ሰጠ ያሉት ግሦች መጨረሻቸው ግእዝ፣ ማለትም የመጀመሪያው ፊደል ነው፤ በላ፣ ሰማ፣ ነጣ ያሉት ግን ራብዕ፣ አራተኛው ናቸው። ልዩነቱ የመጣው ከወደቀው የጉሮሮ ድምፅ ነው። ዐይንና ሐውት የሚባሉት ፊደሎች («ዐ» እና «ሐ») ከቃል መጨረሻ ሲወድቁ «ኣ»ን ትተው ነው የሄዱት። ቀላም እዚያው ሰልፍ ውስጥ ቆሟል። የቀይሕ «ሕ» ከወደቀች ስንት መቶ ዓመት ሆኗት፣ ጥላዋ ግን ዛሬም ዘጌ ላይ ቡና በሚለቅም ሰው አፍ ውስጥ አለች።

ወደ ጎረቤትዎ ልሂድ። አዛውንቱን አይቀየሟቸው፤ ጥሩ ተረት ነው። ግን አይሆንም። ቃየል ከዕብራይስጥ የመጣ ስም ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ራሱ ሔዋን ልጅ «አገኘሁ» ከማለቷ ጋር ያያይዘዋል፤ ከደም ጋር አይደለም። ደሙ የመጣው ልጁ ካደገ በኋላ ነው። በቃየል ውስጥም «ሕ» የለችም። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በቀይ የተጠራ ሰው ከፈለጉ ኤሳውን ይያዙ። ዕብራውያን ቀይን «አዶም» ይላሉ። ኤሳው ከበረሃ ደክሞ መጥቶ ያንን ቀይ ወጥ አብላኝ አለና ብኩርናውን ሸጠ፤ በዚያው «ኤዶም» ተባለ። ወጡ ምስር ነበር። ቀይ መሆኑ ግን ከበርበሬ አይደለም።

ይቺን ነገር ሳነሳ ተማሪዎቼ ይከራከሩኛል። በርበሬ የአሜሪካ ተክል ነው። ኮሎምበስ አትላንቲክን የተሻገረው እንደ ፈረንጆቹ በ1492 ነው፤ በርበሬ ወደ እኛ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ዛሬ «ቀይ ወጥ ነው አልጫ?» ብሎ አስተናጋጁ ሲጠይቅዎት፣ ያ አጠራር ከአምስት መቶ ዓመት አይበልጥም። እግረ መንገዴን፣ «ቁሌት» ከቅላት የመጣ የሚመስላቸው አሉ። ሽንኩርቱ ቀላ እስኪል ስለሚቁላላ ይሆናል የተሳሳቱት። ቁሌት የቆላ እና የቆሎ ዘመድ ነው፤ ከቀለም ጋር ጉዳይ የለውም።

ግእዝን ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልንገርዎ። በግእዝ ሦስቱ ዋና ዋና ቀለሞች ጸዐዳ፣ ጸሊም እና ቀይሕ ናቸው። ትግርኛ ሦስቱንም ይዟል፦ ጻዕዳ፣ ጸሊም፣ ቀይሕ። አማርኛ ግን ሁለቱን ለወጠ። ነጭን ከነጽሐ አወጣው፤ የጠራ፣ ንጹሕ የሆነ ማለት ነው። ጥቁር ደግሞ ከምድጃ በላይ ጣሪያው ላይ ከሚንጠለጠለው ከጥቀርሻ ጋር ዘመድ ነው። ጸሊም በጨለማ ውስጥ ቀረ። በአሮጌው ስሙ ወደ እኛ የዘለቀው ቀይ ብቻ ነው። ከነጭም ከጥቁርም በፊት ቤቱ ውስጥ የነበረ ሽማግሌ ቃል ነው።

ሽማግሌ ስለሆነም ሰፊ ነው። የእርስዎ የመስታወት ጉዳይ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው።

ባሕር ዳር ገበያ ይውጡና ቀይ ጤፍ ይበሉ። የሚሰፈርልዎት ቡናማ ጤፍ ነው። ቀይ ሽንኩርት ይበሉ። ልጣጩ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ቀይ ላም ግዙ ቢባሉ ቡናማ ላም ነድተው ይመጣሉ። ወደ መራዊ ሲሄዱ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያዩት ቀይ አፈር ከደም ይልቅ ለሸክላ ይቀርባል። ማንም ግን «ይሄ ቀይ አይደለም» ብሎ አይጣላም።

ለምን ቢሉ፣ «ቡናማ» የሚለው ቃል ገና ልጅ ነው። ከቡና ነው የተሠራው። ብርቱካናማ ከብርቱካን፣ ሰማያዊ ከሰማይ፣ ወይን ጠጅ ከመጠጡ። ሮዝ ከነጭራሹ እንግዳ ነው። እነዚህ ሳይመጡ በፊት ከሐምራዊ እስከ ቡናማ ያለውን ሰፈር ሁሉ ቀይ ብቻውን ነበር የሚያስተዳድረው። ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በ1969 እ.ኤ.አ. በርሊን እና ኬይ የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን የ98 ቋንቋዎችን የቀለም ስም አነጻጽረው ነበር። ሁለት ብቻ የቀለም ስም ያለው ቋንቋ ጥቁርና ነጭ ይኖረዋል፤ ሦስተኛ ከመጣ ግን ቀይ ነው አሉ። ቡናማ የሚመጣው ከእነሱ በጣም ዘግይቶ ነው። ተቺዎች አላጧቸውም። ለአማርኛ ግን እንደ ልክ ልብስ ይመጣለታል። ግሦቹን ብቻ ይዩ፦ ጠቆረ፣ ነጣ፣ ቀላ። «ሰማያዊ ሆነ» እንላለን እንጂ ለሰማያዊ የራሱ ግሥ የለውም። አራተኛ ፈልጉ ካሉኝ «ወየበ» አለ። ጥርስ ሲወይብ፣ ነጠላ ሲወይብ። የጣና ገዳማት መነኮሳት የሚለብሱት ወይባም ከዚያው ነው። ግን ቢጫ ያንን ቤት ወረሰው።

ሌላው ጠባዩ ደግሞ ቀይ ብቻውን መቆም አለመውደዱ ነው። ሁልጊዜ ጥንድ አለው። ቀይ ጤፍ ከነጭ ጤፍ ጋር ነው። ቀይ ሽንኩርት ከነጭ ሽንኩርት፣ ቀይ አፈር ከጥቁር አፈር፣ ቀይ ወጥ ከአልጫ። «ቀይ» ስንል ብዙ ጊዜ «ያኛው አይደለም» ማለታችን ነው። ሰው ላይም እንደዚያ ነው የሚሠራው። እርስዎ «ቀዩ» የተባሉት እንደ ቲማቲም ስለቀሉ አይደለም፤ አጠገብዎ ጠይም ወይም ጥቁር የሚባል ሰው ስላለ ነው። ስሙ የተሰጠዎት ተነጻጽረው ነው። ከእርስዎ የፈካ ሰው ሰፈሩ ውስጥ ቢገባ ማዕረጉን ሊወስድብዎት ይችላል። እኔ እናቴ ቤት ቀይ ነኝ፤ በባለቤቴ ዘመዶች ዘንድ ጠይም ነኝ። ቆዳዬ ግን ያው ነው።

«የቀይ ዳማ» የሚባለውስ? ዳማ የፈረስ ቀለም ነው። ፈረሰኛ ሰው ፈረሱን «ቀይ» አይለውም፤ ለፈረስ የራሱ መዝገብ አለው። የአማርኛውን የዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 6 ያንብቡት። አራቱ ፈረሶች ነጭ፣ ቀይ፣ ጥቁር ተብለው አልተጻፉም። አምባላይ፣ ዳማ፣ ጉራቻ እና ሐመር ናቸው። የተረጎመው ሰው ፈረስ ያውቃል ማለት ነው! ጉራቻ ከኦሮምኛ ነው፤ እዚያ ጥቁር ማለት ነው። ዳማም ኦሮምኛው ቀይን ከሚጠራበት «ዲማ» ጋር በጣም ይቀራረባል። እኔ ዘመዳሞች ናቸው ባይ ነኝ። እንግዲህ «የቀይ ዳማ» ሲባል ከቀይ ዝቅ፣ ከጠይም ከፍ ያለውን መልክ በፈረስ ቀለም መለካታችን ነው። ሲያመሰግኑዎት ነው፤ ፈረስ የተከበረበት አገር ነው።

ሆኖም ቀላ የማይገባበት ቦታም አለ። ክረምት ላይ ጢስ ዓባይ ቢወርዱ ውሃው የአፈሩን መልክ ይዞ ነው የሚገለበጠው። «ዓባይ ቀላ» የሚል ግን አልሰማሁም። «ደፈረሰ» ነው የሚባለው። ሰው ሲያፍርም ቀላ አንልም፤ አንገቱን ደፋ እንላለን። ቀላ ለንዴት፣ ለሙቀትና ለመጠጥ ነው። እንቅልፍ ላጣ ዓይንም ይሆናል፤ ከባሰ «ደም መሰለ» ይባላል። ለፍሬ ሲሆን ደግሞ ቀለምነቱን ትቶ ጊዜ ይሆናል። በርበሬው ቀላ፣ ቡናው ቀላ ማለት ደረሰ ማለት ነው። የዘጌዋ እናት በጣታቸው የመረመሩት መልኩን አልነበረም፤ መድረሱን ነበር። ያ ቀይ ፍሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ሲሆን ይጠቁራል፤ ያኔም ቢሆን «ቀልቶ የተለቀመ» መሆኑ ነው ዋጋው።

ስለ ቀይ ባሕር የሚጠይቀኝ ስለማይጠፋ በአጭሩ። የግእዙ መጽሐፍ «ባሕረ ኤርትራ» ነው የሚለው። ኤርትራ ከግሪክኛው «ኤሪትራ» ነው፤ እሱም ቀይ ማለት ነው። ጣልያን በ1890 እ.ኤ.አ. ቅኝ ግዛቱን በዚያ ስም ጠራው። ስለዚህ ኤርትራ እና ዓዲ ቀይሕ ብንል ሁለት ጊዜ «ቀይ» አልን። ደስ የሚለው ግን ዕብራይስጡ ነው። ሙሴ የተሻገረው ባሕር በዕብራይስጥ «ያም ሱፍ» ነው፤ የቄጤማ ባሕር እንደማለት። ቀይ የሚል የለበትም። የጣናን ዳር ዳር ደንገሉን ለሚያይ ሰው ያ ስም ሩቅ አይደለም።

ቀይ ሽብር፣ ቀይ መስቀል፣ ቀይ ካርድ የሚሉት ከውጭ የመጡ ትርጉሞች ናቸው። ቃሉ የእኛ፣ ሐሳቡ የሌላ። አልቆይባቸውም።

የመምህሯን ቀይ እስክሪብቶ ግን አልፌ መሄድ አልችልም። እኔም ልጅ ሆኜ ደብተሬ ቀይ ለብሶ ነበር የሚመለሰው። ቀይ ማለት ጥፋት ማለት መስሎኝ ነው ያደግሁት። በኋላ አንድ የጣና ደሴት ገዳም ውስጥ አንድ ካህን የብራና መጽሐፍ ገልጠው አሳዩኝ። ገጹ ጥቁር በጥቁር ነው። መሀል መሀሉ ላይ ቀይ ብልጭ ይላል። ጠጋ ብዬ ሳነብ «ማርያም» ይላል። ሁለት መስመር ወረድ ብሎ እንደገና «ማርያም»። የምዕራፉ መግቢያ ቀይ ነው፤ መዝጊያው ላይ ያሉት ነጥቦች አንዱ ቀይ አንዱ ጥቁር ናቸው። ጸሐፊው ሁለት ቀለም፣ ሁለት ብርዕ ይዞ ነው የተቀመጠው። ቅዱስ ስም ላይ ሲደርስ ጥቁሩን ያስቀምጥና ቀዩን ያነሣል። አንዳንዱ ደግሞ ለቀዩ ቦታ ትቶ ያልፍና በኋላ ይመለስበታል። ሳይመለስ የቀረበት መጽሐፍም አለ፤ ስሙ ሊገባበት የነበረው ቦታ ባዶውን ይታያል። «ቀለም» የሚለው ቃልም መጀመሪያ የመጻፊያው ቀለም ነው። ከግሪክኛው «ካላሞስ» ነው የሚመዘዘው፤ ሸምበቆ፣ መቃ ማለት ነው። ዓለምን በቀለም የምንከፍለው በመጻፊያ ዕቃ ስም ነው።

እንግዲህ ወደ ፈተናው። መምህሯ ልክ ናቸው፤ የዛሬ አማርኛ «ቲማቲሙ ቀላ» ነው የሚለው። ልጅዎም ሞኝ አይደለችም። «ይ»ዋን ይዛ የሄደችው ግእዝና ትግርኛ በሄዱበት መንገድ ነው። የሳተችው መጨረሻዋን ነው። ያ የወደቀው «ሕ» ጥላ እንዳለው ከላይ ተነጋግረናል። «ቀየ» ሳይሆን «ቀያ» ብላ ጽፋ ቢሆን ኖሮ፣ ግማሽ ማርክ ይስጧት ብዬ መምህሯን እለምን ነበር።